የንግሥቲቱ ቤትና የሕዝቡ አደባባይ
(ስለ በረዶ በዓላት ታሪክ)

ቋንቋችን ለብርድ ቃል ሲሰጥ እጁ ያጥረዋል። በሐምሌ ከዝናብ ጋር ወርዶ ቆርቆሯችንን የሚቀጠቅጠውም፣ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ብርጭቋችን ውስጥ የሚገባውም፣ በሰሜን አገሮች እንደ ባዘቶ እየተንሳፈፈ ምድሩን የሚያለብሰውም ለእኛ ሁሉም «በረዶ» ነው። አባቶቻችን ግን «አመዳይ» የሚል ቃል ነበራቸው። እንግዲህ አንባቢ ቢፈቅድልኝ በዚህ ጽሑፍ ባዘቶ የሚመስለውን አመዳይ፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረውን በረዶ እያልኩ ልቀጥል። ዘመኑንም ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አመዳይ ለአገራችን ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዱሊስን የጎበኘው ኮስማስ የተባለ ነጋዴ፣ በግሪክኛ የተቀረጸ የአንድ ንጉሥ የድል ጽሑፍ ገልብጦ አቆይቶልናል። ስሙ ከጽሑፉ ላይ የጠፋው ይህ የአክሱም ንጉሥ ወደ ስሜን ተራሮች ሲዘምት ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት አመዳይ እንደነበረ ይተርካል። ለንጉሡ አመዳይ የጠላት ምሽግ ነበር። በአመዳይ መጫወት፣ ከአመዳይም ሐውልት ማቆም ይቻላል የሚል ሐሳብ በጽሑፉ ውስጥ የለም።

ሌሎች ሕዝቦች ግን ይህን አድርገዋል። ለመሆኑ ሰው ጣት በሚያደነዝዝ ብርድ ከሞቀ ቤቱ ወጥቶ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቀልጦ ለሚጠፋ ሐውልት ይህን ያህል የሚደክመው ለምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ይዤ የበረዶ በዓላትን ታሪክ ሳገላብጥ፣ መልሱ በዓሉን ማን አዘዘው፣ ማንስ ሠራው በሚለው ላይ የሚንጠለጠል ሆኖ አገኘሁት።

ከጥንቶቹ ልጀምር። በጃንዋሪ 1494 ፍሎረንስ ላይ ብዙ አመዳይ ወረደ። የከተማይቱ ጌታ ፒዬሮ ዴ ሜዲቺ አንድ የ18 ዓመት ወጣት አስጠርቶ በቤተ መንግሥቱ ግቢ የአመዳይ ሐውልት እንዲሠራለት አዘዘው። ወጣቱ ማይክል አንጄሎ ነበር። የሠዓሊዎቹን ታሪክ የጻፈው ቫሳሪ ሐውልቱ እጅግ ያማረ እንደነበረ ይነግረናል፤ ነገር ግን ግቢው የጌታው ግቢ፣ ሐውልቱም የጌታው መዝናኛ ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ፒዬሮ ራሱ ከከተማው ተባረረ።

ከ17 ዓመት በኋላ ብራስልስ ውስጥ የሆነው ሌላ ነው። በ1511 መባቻ የገባው ውርጭ ለስድስት ሳምንት ያህል አለቀቀም። እንዲህ ያለው ውርጭ ለድሃ ረሃብና የማገዶ እጦት ነው። የብራስልስ ሰዎች ግን በየጎዳናውና በየደጃፋቸው 110 ያህል የአመዳይ ሐውልቶች አቆሙ። ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰዱ ሰዎች ከጥንት አማልክት ጋር ተጎራበቱ። በጨዋ ፊት ስማቸው የማይነሳ ምስሎችም አልጠፉም፤ በጠላት አገር መሳፍንት ላይ የሚያላግጡም ነበሩ። በድንጋይ ቢቀረጽ የሚያስጠይቀው በአመዳይ ሲሆን ታለፈ። ለነገሩ የሚቀልጥን ነገር ማን ይከሳል? ያን ስሜከን የተባለው የከተማው ባለቅኔ ሐውልቶቹን እየዞረ በግጥም ባይመዘግባቸው ኖሮ ዛሬ ከነመኖራቸውም ባላወቅን።

በታሪክ ከተሠሩት የበረዶ ቤቶች ሁሉ ስመ ጥሩው፣ ለእኔ ደግሞ ዘግናኙ፣ በ1740 በሴንት ፒተርስበርግ የቆመው ነው። በዚያ ዓመት አውሮፓን ሁሉ ያንቀጠቀጠ ብርድ ነበር። የሩሲያዋ ንግሥት አና ኢቫኖቭና በብርዱ መጫወት አማራት። ልዑል ሚኻይል ጎሊትሲን የታላቅ ቤተሰብ ልጅ ነበር። ጣሊያናዊት አግብቶ ካቶሊክ በመሆኑ ንግሥቲቱ ተቆጥታ ከቤተ መንግሥቱ አጫዋቾች ጋር ደምራው ነበር። ሚስቱ ሞታ ነበርና አሁን ደግሞ አቭዶትያ ቡዤኒኖቫ የተባለችውን የካልሚክ ተወላጅ የቤተ መንግሥት አገልጋይ እንዲያገባ አዘዘች። የጫጉላ ቤታቸውም ከበረዶ እንዲሠራ ተወሰነ።

ሥራው የተሰጠው ፒዮትር ኤሮፕኪን ለተባለው አርክቴክት ነው። ከኔቫ ወንዝ የተቆረጠው ጥርት ያለ በረዶ እንደ ጥርብ ድንጋይ ተደረደረ። በኖራ ፋንታ ውሃ እየፈሰሰበት እርስ በርሱ ተጣበቀ። ቤቱ 17 ሜትር ያህል ርዝመትና ከ6 ሜትር በላይ ቁመት ነበረው። አልጋው፣ ፍራሹ፣ ትራሱ፣ ጠረጴዛው ሁሉ በረዶ ነበር። በደጃፉ የተደረደሩት የበረዶ መድፎች እውነተኛ ባሩድ ጎርሰው ተኮሱ። የበረዶው ዝሆን ቀን ቀን ከኩምቢው ውሃ፣ ማታ ማታ የሚነድ ዘይት ይተፋ ነበር። የሳይንስ አካዳሚው ሊቅ ጌዮርግ ክራፍት እያንዳንዱን ለክቶ በ1741 መጽሐፍ አሳተመበት። በጥበቡ ላይ አንዳች እንከን አይወጣለትም።

እንከኑ ያለው ሠርጉ ላይ ነው። ለሠርጉ ግጥም ስለተፈለገ ባለቅኔው ቫሲሊ ትሬዲያኮቭስኪ ተጠራ። የዝግጅቱ ኃላፊ የነበረው ሚኒስትር አርቴሚ ቮሊንስኪ ባለቅኔውን አስደበደበው። ባለቅኔውም ቁስሉ ሳይሽር፣ ጭንብል ለብሶ ግጥሙን በሠርጉ ላይ አነበበ። ከግዛቱ ልዩ ልዩ ሕዝቦች ጥንድ ጥንድ ሆነው የተሰበሰቡ ሰዎች የየአገራቸውን ልብስ ለብሰው ለመሳቂያ ተሰለፉ። ሙሽሮቹ በዝሆን ጀርባ ላይ በተጫነ የብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆነው ከተማውን ዞሩ። ሌሊቱን በበረዶው አልጋ ላይ ተኝተው እንዲያነጉ ከውጭ ዘበኛ ቆመባቸው። ሙሽራይቱ የዕንቁ ሐብሏን ለአንዱ ዘበኛ ሰጥታ በበግ ለምድ ለወጠችው ይባላል። ሁለቱም በሕይወት አነጉ።

በዚያው ዓመት ቤቱ ቀለጠ። አርክቴክቱ ኤሮፕኪንና ሚኒስትሩ ቮሊንስኪ በአገር ክህደት ተከሰው አንገታቸውን ተቀሉ። ንግሥቲቱም በኦክቶበር ሞተች። እኔ ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ከበረዶው ዝሆን ይልቅ የሚታየኝ ያ የተደበደበ ባለቅኔ ነው። በትእዛዝ የሚሳቅበት በዓል ጥበቡ የቱንም ያህል ቢራቀቅ በዓል ሊባል እንደማይችል ከእርሱ የበለጠ ምስክር አላገኘሁም።

በለንደን ደግሞ ብርዱ በዓል የሆነው በሌላ መንገድ ነው። የቴምዝ ወንዝ በሚጋገርባቸው ዓመታት የመጀመሪያዎቹ ተጎጂዎች ጀልባ ቀዛፊዎች ነበሩ፤ ወንዙ ሲቆም እንጀራቸው ይቆማል። እነርሱ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ወደ በረዶው ለሚወርደው ሰው መተላለፊያ እያበጁ ሳንቲም ተቀበሉ። በሸራ ድንኳን ሠርተው ምግብና መጠጥ ሸጡ። አታሚዎችም መኪናቸውን በወንዙ ላይ ተክለው የጎብኚውን ስም ለማስታወሻ ያትሙለት ነበር። በ1683 እና 84 የተደረገው እንዲህ ያለ ገበያ ከሁሉም ዝነኛው ነው፤ የመጨረሻው በ1814 ሆነ። ኋላ አሮጌው የለንደን ድልድይ ፈርሶ ውሃው በፍጥነት መፍሰስ ሲጀምር፣ የአየሩም ብርድ ሲቀንስ፣ ወንዙ ዳግመኛ እንዲያ አልተጋገረም።

ንግዱን በትልቁ የያዙት ሰሜን አሜሪካውያን ናቸው። ሞንትሪያል በ1883 የመጀመሪያውን የበረዶ ቤተ መንግሥት አቁማ እንግዳ ጠራች። በ1885 ግን ፈንጣጣ ገብቶ በከተማይቱ ከ3,000 በላይ ሰው ስለ ፈጀ የቀጣዩ ዓመት በዓል ቀረ። በዚያው ጊዜ በሚኒሶታ ግዛት የምትገኘው ሴንት ፖል ቂም ይዛ ነበር። ከኒው ዮርክ የመጣ ጋዜጠኛ ከተማይቱ ሁለተኛ ሳይቤሪያ ናት፣ በክረምት ሰው አይኖርባትም ብሎ ጽፎባታል ይባላል። ነጋዴዎቿ ተሰብስበው የሞንትሪያሉን ቤት የሠሩትን ባለሙያዎች አስመጡ። በ1886 ቁመቱ 32 ሜትር የሚደርስ የበረዶ ቤተ መንግሥት አቆሙ። የበዓሉ ተረትም አብሮ ተፈጠረ፦ የብርዱ ንጉሥ ቦሪያስ ከነሠራዊቱ ገብቶ ከተማይቱን ይይዛል፣ በመጨረሻው ቀን የእሳቱ ንጉሥ ቩልካን ወርሮ ያባርረዋል። ነጋዴ ያሰበው በዓል መሆኑ አይካድም፤ ቢሆንም ሰው የሚስቀው በብርዱ ላይ ነው እንጂ በሰው ላይ አይደለም።

ከሁሉም አብልጬ የምወደው ግን የሳፖሮን ታሪክ ነው። ዓመቱ 1950፣ ጃፓን ከጦርነቱ ሽንፈት ገና ያላገገመችበት ጊዜ ነው። በሰሜኑ ደሴት በሆካይዶ በምትገኘው በዚህች ከተማ መካከል ኦዶሪ የተባለ ረጅም መናፈሻ አለ። በዚያን ጊዜ በክረምት ከየመንገዱ የተጠረገው አመዳይ የሚደፋው እዚያ ነበር። የከተማው ተማሪዎች በዚያ ቦታ ስድስት የአመዳይ ሐውልቶች ሠሩ። ስድስት ብቻ! ሊያያቸው የመጣው ሕዝብ ግን 50,000 ያህል ደረሰ። በ1955 ወታደሮች አካፋቸውን ይዘው ገቡና ግዙፍ ሐውልቶች መታየት ጀመሩ። በ1972 የክረምት ኦሊምፒክ በከተማይቱ ሲደረግ ዓለም ሁሉ አወቃቸው። ዛሬ ጎብኚው በሚሊዮን ይቆጠራል። መነሻው ግን ከተማ እንደ ቆሻሻ የጣለውን ነገር ልጆች አንስተው መልክ መስጠታቸው ነው።

የቻይናዋ ሐርቢንም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። በጃንዋሪ አማካይ ብርዷ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ገደማ በሚደርስባት በዚህች ከተማ ጥበቡን ያመጡት ዓሣ አጥማጆች ናቸው ይባላል። ዘዴው ቀላል ነው። ባልዲ ውሃ ውጭ ሲያድር በረዶ የሚሆነው በቅድሚያ ዳር ዳሩ ነው። መሐሉ ሳይረጋ ውሃው ቢደፋ ባዶ ቀፎ ይቀራል። በውስጡ ሻማ ቢቆምበት ነፋስ የማያጠፋው ፋኖስ ሆነ ማለት ነው። በ1963 ዣውሊን በተባለው መናፈሻ የበረዶ ፋኖሶች በዓል ተከበረ። የባህል አብዮቱ አቋረጠው። በ1985 ዓመታዊ በዓል ሆኖ ተደነገገ። ዛሬ ሠራተኞች በዲሴምበር ከሱንጋሪ ወንዝ በረዶ እየቆረጡ፣ በውስጡ የኤሌክትሪክ መብራት የሚበራበት ከተማ የሚያህል ሥራ ያቆማሉ። የባልዲዋ ፋኖስ የልጅ ልጅ መሆኑ ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛ ምን ያደርግልናል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ወደዚያች ወደ ሴንት ፖል ልመልሰው። ሚኒሶታ ዛሬ ብዙ ሺህ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ምድር ናት። እዚያ የምትኖር አብሮ አደጌ እንደነገረችኝ የመጀመሪያውን ክረምት የምታውቃቸው ቦታዎች ሦስት ብቻ ነበሩ፦ ቤቷ፣ አውቶቡሱና የሥራ ቦታዋ። ከሰው ጋር የምትገናኘው በስልክ ነበር። በሁለተኛው ዓመት የሥራ ባልደረባዋ በግድ ጎትታ የበረዶ ቅርጽ የሚሠሩ ሰዎችን ልታሳያት ወሰደቻት። «ብርዱ ያው ነው፤ አልቀነሰም» አለችኝ፤ «ግን ሰው ለካ አለ!» ይህች ከተማ ሰው የሚኖርባት መሆኗን ያወቀችው ያን ቀን ነው።

ለእኛ ይህ ስሜት አዲስ ሊሆን አይገባውም። የሴንት ፖል በዓል የሚውለው በጃንዋሪ መጨረሻ ነው፤ እኛ አገር ጥምቀት ወጥቶ ገና ዘፈኑ ከጆሯችን ያልጠፋበት ሰሞን። በጥምቀት ማንም ከቤቱ አይቀርም፤ ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ተብሏል። አደባባይ ወጥቶ በብዙ ሰው መካከል መዋል ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሕዝብ ነን። እዚያ ለበዓል የሚወጣው ልብስ ወፍራም ካፖርትና ጓንት ከመሆኑ በቀር ነገሩ ሩቅ አይደለም። አገር ለቆ የሄደ ሰው ብርዱን እንደ ፍርድ ተቀብሎ ስድስት ወር በሩን ዘግቶ ሲቀመጥ፣ ያጣው ፀሐይን ብቻ አይደለም፤ አደባባዩንም ነው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው የሚለው ነገር ደግሞ በስልክ ብቻ አይሞላም።

ብርዱም ቢሆን እንደ ድሮው የሚተማመኑበት አልሆነም። የካናዳዋ ዋና ከተማ ኦታዋ ሕዝብ በየክረምቱ የሚንሸራተትበት የሪዶ ቦይ፣ በ2022 እና 23 ክረምት በረዶው በቂ ውፍረት ሳይኖረው ቀርቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይከፈት ወቅቱ አለፈ። ለቴምዝ የደረሰው ለሌሎቹም ወንዞች እየደረሰ ይሆን ያሰኛል። እንዲያ ከሆነ በብርድ ቀን ደጅ ወጥቶ ከጎረቤት ጋር አመዳይ ማድቦልቦል ነገ እንደ ዛሬው በቀላሉ የሚገኝ ነገር ላይሆን ነው። ስለዚህ በዚያ አገር ያላችሁ ወገኖች፣ የከተማችሁ ልጆች በመናፈሻው አመዳይ ሲያነሱ ካያችሁ፣ ካፖርታችሁን ደርባችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ።