ሮዜሺያ
ሮዜሺያ ጉንጭን፣ አፍንጫን፣ ግንባርንና አገጭን የሚያቀላ፣ አንዳንዴም ብጉር መሰል እብጠት የሚያወጣ ሥር የሰደደ የቆዳ ሕመም ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ብዙውን ጊዜ ከ30 ዓመት ዕድሜ በኋላ ይጀምራል። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላቱ ጎልቶ ስለማይታይ እንደ ተራ ብጉር ይታለፋል፤ የሚያቃጥል፣ የሚለበልብ ፊት ግን ሊያስጠረጥር ይገባል።

ፈጽሞ ባይድንም ይገታል። ፀሐይ፣ ሙቀት፣ አልኮል፣ የሚያቃጥል ምግብና ጭንቀት ይቀሰቅሱታል። ቡና ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል፤ የሚያስቆጣው ይበልጡን የመጠጡ ትኩስነት ነው። ፊትን በለስላሳ ማጠቢያ መታጠብና ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ መቀባት ይረዳል። ሐኪም የሜትሮኒዳዞል ወይም የአይቨርሜክቲን ቅባት፣ ሲጠና ዶክሲሳይክሊን ያዛል።

ከሁሉ የከፋው ስቴሮይድ ያለበትን ቅባት፣ በተለይም የፊት ቆዳን ለማንጣት የሚሸጠውን፣ መቀባት ነው፤ ለጊዜው ያስታግሳል፣ ሲቆም ብሶ ያገረሻል። ሕመሙ ዓይንንም ሊነካ ስለሚችል፣ ዓይን ከቀላና ከቆረቆረ የዓይን ሐኪም ማየት አለበት።