የፈተና አዳራሽ ግድግዳ የት ድረስ ነው? የኤሌክትሮኒክስ ክልከላ ታሪክ በኢትዮጵያ



«ማንኛውንም ኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ይዞ ወደ ፈተና ክፍል መግባት ክልክል ነው» የሚለውን ደንብ በዚህ አዳራሽ የማያውቅ የለም። የሕግ ሰው ስለ ደንቡ ይዘት፣ የቴክኖሎጂ ባለሙያም ስለ ዕቃው ሊያስረዳን ይችላል። የታሪክ ተማሪ ድርሻ ግን ደንቡ የተጻፈው ምን ደርሶ ነው ብሎ መጠየቅ ነው።

በቅኔ ቤት እንዲህ ያለ ደንብ አላስፈለገም። ተማሪው የዕለቱን ቅኔ ቆጥሮ በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ ቅኔው አዲስ መሆን ስላለበት ደብቆ የሚያመጣው ነገር አይጠቅመውም። ከእኛ ብዙ በማይርቀው ሐረርም ኢጃዛ የሚሰጠው ሼኽ ደረሳውን በስምም በችሎታም ያውቀዋል። ፍተሻ የሚመጣው ተፈታኙና ፈታኙ ሳይተዋወቁ ሲቀሩ ነው። በ1905 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በተሻረው የቻይና የመንግሥት ፈተና ተፈታኞች በር ላይ ልብሳቸው ሳይቀር ይበረበር ነበር፤ በልብስ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፉ አጤሬራዎች ዛሬም በሙዚየም ይታያሉ። እንግዲህ ፍተሻን የወለደው ስልክ አይደለም።

ኤሌክትሮኒክስ ወደ ፈተና ክፍል የመጣው መጀመሪያ በካልኩሌተር መልክ ነው። በእኛ ከተማ የታይዋንን ገበያ የሚያውቅ ሰው ካልኩሌተር የተገጠመለት የእጅ ሰዓት ምን ያህል ያስጎመጅ እንደነበር አይዘነጋም። ካልኩሌተሩ ያስነሳው ክርክር ትምህርታዊ ነበር፤ የምንፈትነው ማባዛትን ነው ወይስ ማሰብን? አሜሪካኖች ብዙ ከተከራከሩ በኋላ በ1994 እንደ እነርሱ አቆጣጠር ለኮሌጅ መግቢያ የሚሰጠውን የሒሳብ ፈተና ለካልኩሌተር ክፍት አደረጉት። ስልክ ሲመጣ ግን እኛ ይህን ጥያቄ አላነሳንም። ከመጀመሪያው እንደ ጸጥታ ጉዳይ ያዝነው።

ይህ የሆነበት ምክንያት አለው። ብሔራዊ ፈተናችን በምርጫ የሚመለስና በእርሳስ በጠቆረ ወረቀት ላይ በማሽን የሚታረም ነው። የጠቆረውን ምልክት የሚያነብ ማሽን በፈታኙ ወገን ቆሞ ከገባ ቆይቷል። የመቶ ጥያቄ መልስ መቶ የላቲን ፊደል ብቻ ሲሆን አንድ የስልክ አጭር መልእክት 160 ይይዛል። ተንቀሳቃሽ ስልክ በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲጀመር ይህን ያሰበ ሰው የነበረ አይመስለኝም። ኩረጃ ድሮ ከጎረቤት ወንበር አያልፍም ነበር፤ አሁን ግን የአንድ ክፍል ጥፋት በደቂቃ የአገር ጥፋት መሆን ቻለ። ድርሰት የሚያስጽፍ ፈተና ቢኖረን ኖሮ ታሪኩ ሌላ መልክ በያዘ ነበር።

ወሳኙ ዓመት 2008 ዓ.ም. ነው። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ገጾች ፎቶግራፍ በማኅበራዊ መገናኛ ተለቀቀ። የለቀቁት በውጭ አገር ያሉ አክቲቪስቶች ሲሆኑ፣ በኦሮሚያ በተቃውሞው ምክንያት ትምህርት ቤቶች ለወራት ተዘግተው ስለነበር ፈተናው እንዲራዘም ይጠይቁ ነበር። ግንቦት 22 ቀን መንግሥት ፈተናውን ሰረዘ፤ 254 ሺህ ገደማ ተፈታኞች እንደገና እንዲዘጋጁ ተነገራቸው። ክረምቱ ገብቶ ፈተናው በድጋሚ ሲሰጥ ፌስቡክን የመሳሰሉ ገጾች ተዘጉ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ማየት ያለብን ነገር አለ። ያን ፈተና ያወጣው በተፈታኝ ኪስ ውስጥ የነበረ ስልክ አይደለም። ወረቀቱ ተማሪው እጅ ከመድረሱ በፊት፣ ከኅትመት እስከ ማከፋፈያ ባለው መንገድ አንድ ቦታ ላይ የታመነ እጅ ከድቷል። ስልክ አጓጓዘ እንጂ አልሰረቀም። በማግስቱ የጠነከረው ቁጥጥር ግን ያረፈው በተፈታኙ ላይ ነው፤ ቀጥሎም በመላው ሕዝብ ላይ። በ2009 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ የ10ኛና የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲሰጥ የአገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በሰኔ 2011 ዓ.ም. በፈተናው ሰሞን እንደገና ጠፋ። የፈተና አዳራሹ ግድግዳ የአገር ድንበር ሆነ ማለት ነው። የከዚራ ነጋዴና የሳቢያን ነርስ ሳይመዘገቡ ተፈታኝ ሆኑ። ኢራቅና አልጄሪያም ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል፤ ብዙ አገር ስለሠራው ትክክል ነው ማለት ግን አይደለም።

በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ግድግዳው ተመልሶ ጠበበ። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጓጉዘው በግቢ ውስጥ እያደሩ ተፈተኑ፤ ስልክ፣ ስማርት ሰዓት፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ጌጣጌጥ ሳይቀር ተከለከለ። በአንዳንድ ግቢዎች ፈተናውን ጥለው የወጡም ነበሩ። ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ቁጥሩን የቀደሙት ውጤቶች በሙሉ የስልክ ውጤቶች ለመሆናቸው ማስረጃ አድርገው የሚያቀርቡ አሉ። እኔ እዚያ ድረስ አልሄድም። እነዚያ ልጆች የኮቪድንና የጦርነትን ዓመታት ያለፉ ናቸው፤ አንድን ውጤት ለአንድ ምክንያት መስጠት በእኛ ሙያ አይፈቀድም። ሆኖም ኢንተርኔት ከመዝጋት ይልቅ የወረቀቱን መንገድ ማሳጠርና መጠበቅ ለ2008ቱ ቀዳዳ የቀረበ መልስ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና የሚሰጠው በኮምፒውተር ነው፤ የመግቢያውም ፈተና ከ2016 ጀምሮ በከፊል ወደዚያው ገብቷል። «ማንኛውም ኤሌክትሮኒክስ» ከሚል ማስታወቂያ ሥር አልፎ የገባው ተማሪ የሚቀመጠው ኤሌክትሮኒክስ ፊት ነው። ዛሬ መብራት ሲጠፋ ወይም መረቡ ሲቋረጥ የተፈታኙ መብት ምንድን ነው? በር ላይ የተረከብነው ስልክ ቢጠፋ ማን ይከፍላል? በምርምር ኮርስ ላይ በክፍል የምናሠራበትን ሶፍትዌር በፈተና የምንከለክለው በምን መርህ ነው? የካልኩሌተሩ ዘመን ጥያቄ ሳይመለስ ቆይቶ እነሆ እንደገና በራችንን እያንኳኳ ነው። የመልሱ ረቂቅ በሴኔት ብቻ ሳይሆን በየትምህርት ክፍሉ፣ ተማሪዎች ባሉበት መጻፍ አለበት የሚል አቋም አለኝ፤ እዚህ ላይ ላቁምና የእናንተን ሐሳብ ልስማ።