ሲቪ ላይ የማይጻፈው

አምና የቡድን መሪ ስሆን መሥሪያ ቤቴ የማታ የማኔጅመንት ትምህርት አስጀመረኝ። አንድ ቀን መምህራችን ባዶ ወረቀት አደሉንና «ሳትለፉበት ያገኛችሁትን ጻፉ» አሉ። ክፍሉ ጸጥ አለ። አጠገቤ የነበረው ልጅ «እኔ ሁሉንም በላቤ ነው ያመጣሁት» አለ። እኔም በሆዴ እንደዛው እያልኩ ነበር።

ኮድ ጸሐፊ ነኝና አንድ ነገር ከየት እንደመጣ ሳላይ እንቅልፍ አይወስደኝም። ወደ ኋላ ስሄድ ፔጊ ማኪንቶሽን አገኘሁ፤ አሜሪካ፣ ዌልስሊ ኮሌጅ ተመራማሪ ነበረች። የምታውቃቸው ወንድ መምህራን ሴቶች እንደሚጎዱ ያምናሉ። በዚያው ልክ እነሱ እንደሚጠቀሙ ሲነገራቸው ግን አይዋጥላቸውም። ታዲያ ጥያቄውን ወደ ራሷ አዞረችው፤ እሷም ነጭ ናት። እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣችው ጽሑፍ፣ ነጭ በመሆኗ ብቻ በየቀኑ የምታገኛቸውን 46 ነገሮች ዘረዘረች። ብዙዎቹ ጥቃቅን ናቸው። «የቆዳ ቀለም» ተብሎ የሚሸጠው የቁስል ፕላስተር የእሷን ቆዳ መምሰሉ አንዱ ነው። (ደስ ያለኝ፣ የጻፈችው ስለ ራሷ መሆኑ ነው።)

ይሄ ለማኔጅመንት ተማሪ ለምን ይከብዳል? ሀርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤቱን የከፈተው በ1908 ነው። እዚያ ተማሪው የአንድ ድርጅት ታሪክ ይሰጠውና «አንተ ሥራ አስኪያጁ ብትሆን ምን ትወስናለህ?» ይባላል። ክርክሩ ውሳኔው ላይ ነው። ያ ወንበር ላይ ማን መቀመጥ እንደሚችል የሚጠይቅ የለም። ሴቶች የሁለት ዓመቱን የማስተርስ ትምህርት ከመጀመሪያው ዓመት መጀመር የቻሉት በ1963 ነው።

ኔይለር ፊትዙህ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ደግሞ በ1933 ከዚያው ተመረቀ። ዲግሪው ያው ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ግን በር አልከፈቱለትም፤ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ 30 ዓመት ገደማ አስተማረ። ፔፕሲ የቀጠረው በ1965 ነው። አብረውት የተመረቁት ነጮች ቆዳቸውን ሲቪ ላይ መጻፍ አላስፈለጋቸውም።

ወደ ወረቀቴ ልመለስ። መጀመሪያ የጻፍኩት «ቤታችን ኮምፒውተር ነበር» የሚል ነው። 11 ዓመቴ ነበር፤ አባቴ ነው ያመጣው። እዚያ ላይ እጄ ቆመ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ከገጠር የመጣ አንድ ልጅ ኢንተርቪው አድርጌ ነበር። ጥያቄዎቹን በደንብ ነው የመለሰው። የራሱ ፕሮጀክት ግን አልነበረውም። «ኮምፒውተር የነካሁት ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነው» አለኝ። እኔ ቅጹ ላይ «ፍላጎት አይታይበትም» ብዬ ጻፍኩ።

የዚያን ዕለት ማታ ሲቪውን ፈልጌ አወጣሁት። ስልክ ቁጥሩ አለ። ቦታው ግን ተይዟል።