«ፕሮግራመር አያስፈልግም» የተባለባቸው 70 ዓመታት

ሰሞኑን ኢንቦክሴ ውስጥ ከሚገቡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው፦ «ወንድሜ፣ ኤአይ ራሱ ኮድ የሚጽፍ ከሆነ እኛ ለምን እንማራለን?» የሚጠይቁት ለወሬ ያህል አይደለም። ሦስተኛ ዓመት የደረሱ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች አሉበት። ቤተሰብ በዕቁብ ብር ላፕቶፕ የገዛላቸው አሉበት። ስለዚህ «አይዟችሁ» ብሎ ማለፉም፣ «አለቀላችሁ» ብሎ ማስፈራራቱም ደስ አይለኝም።

እስቲ መጀመሪያ ታሪኩን እናውራ። ምክንያቱም «ከእንግዲህ ፕሮግራመር አያስፈልግም» የሚለው ዜና ዘንድሮ የተጀመረ አይደለም፤ ከብዙዎቻችን አባቶች ዕድሜ ይበልጣል። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ኮምፒውተር ሰው በነበረበት ጊዜ

ድሮ «ኮምፒውተር» የማሽን ስም አልነበረም፤ የሥራ መደብ ነበር። ቁጥር ሲያሰሉ የሚውሉ ሠራተኞች ኮምፒውተር ይባሉ ነበር፤ ብዙዎቹም ሴቶች ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር የመድፍ ጥይት የት እንደሚያርፍ የሚያሰሉለት ሴቶች ቀጥሮ ነበር። ከእነሱ ውስጥ ስድስቱ ተመርጠው፣ በ1946 ለሕዝብ ይፋ የሆነውን ኢኒያክ የተባለ ግዙፍ ማሽን ፕሮግራም እንዲያደርጉ ተመደቡ። ያኔ ፕሮግራም ማድረግ ማለት ሽቦ መንቀል፣ ሽቦ መሰካት፣ ማዞሪያ ማዞር ነበር።

ይህን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ማሽን የሰውን ሥራ ጠቅልሎ ወስዶ ያውቃል ወይ? አዎ፣ ያውቃል። «ኮምፒውተር» የሚባለው የሰው ሥራ ዛሬ የለም። ግን ሥራውን የወሰደውን ማሽን መጀመሪያ ያዘዙት እነዚያው ሲያሰሉ የነበሩት ሴቶች ናቸው። ለምን? ስሌቱን ከውስጥ ያውቁት ስለነበር። ይቺን ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ደብተራዎቹና አዲሱ ቋንቋ

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፕሮግራም የሚጻፈው ለማሽኑ በሚገባው ቁጥር ነበር። ለመደመር አንድ ቁጥር፣ ከማስታወሻ ለማንሣት ሌላ ቁጥር። የአይቢኤሙ ጆን ባከስ ያንን ዘመን ሲያስታውስ፣ ፕሮግራመሮቹ ራሳቸውን ተራ ሰው የማይገባውን ምሥጢር እንደሚጠብቁ ካህናት ይቆጥሩ እንደነበር ጽፏል። በእኛ አገር ደብተራ ልንላቸው እንችላለን፤ ክታቡን ጽፎ ጠቅልሎ ይሰጥሃል፣ ውስጡን ግን አትጠይቀው።

በ1952 ግሬስ ሆፐር ኤ-ዜሮ የሚባል ፕሮግራም ሠራች። ቀደም ብለው የተጻፉ ቁርጥራጭ ኮዶችን ማሽኑ ራሱ እየፈለገ እንዲገጣጥም የሚያደርግ ነበር። እሷ በኋላ እንደተናገረችው፣ ብዙ ሰው ሊያምናት አልፈለገም፤ «ኮምፒውተር ሒሳብ ይሠራል እንጂ ፕሮግራም አይሠራም» ነበር መልሱ።

ባከስ ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር ፎርትራንን ሊሠራ ተነሣ። በ1954 ያወጡት የመጀመሪያ ሪፖርት አንድ ደፋር ተስፋ አለው፦ ፎርትራን ሲመጣ ኮድ የመጻፍና ስሕተት የመልቀም ሥራ ከሞላ ጎደል ይቀራል ይላል። እንግዲህ 1954 ነው!

ፎርትራን በ1957 ወጣ፣ የተባለለትን ያህልም ጥሩ ነበር። ብዙ የማሽን ትእዛዝ ይፈጅ የነበረ ቀመር በአንድ መስመር ተጻፈ። ታዲያ ፕሮግራመር ቀረ? አልቀረም፤ በዛ እንጂ። ድሮ ውድ ስለነበር ማንም የማይጠይቀው ሥራ ሲረክስ ሁሉም ጠየቀ። ስሕተት መልቀሙም አልቀረም። ፎቅ አንድ ከፍ አለና እዚያ ቀጠለ።

ከዚያ ኮቦል መጣ፤ በ1959 ሥራው ተጀመረ። ሐሳቡ ኮዱ እንደ እንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር እንዲነበብ፣ አለቃውም አይቶ እንዲረዳው ነበር። አለቃው ግን አላነበበውም። ይልቅ «የኮቦል ፕሮግራመር» የሚባል አዲስ ሙያ ተወለደ። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ ዓመተ ምሕረቱን በሁለት አኃዝ ብቻ የመዘገቡ አሮጌ ፕሮግራሞች 2000 ሲገባ ግራ ይጋባሉ ተብሎ ዓለም ሲጨነቅ፣ ጡረታ የወጡ የኮቦል ሰዎች ከቤታቸው ተጠሩ። ኮዱ እየሠራ ነበር፤ የሚያውቀው ሰው ነበር የጠፋው። (እኛ ያኔ ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ላይ ነበርን። የራሳችን 2000 የገባው በመስከረም 2007 ነው። ማሽኖቹ የሚቆጥሩት ግን በፈረንጁ ስለሆነ ካላንደራችን ብዙም አላዳነንም።)

ላም አለኝ በሰማይ

ተስፋው ከዚያ በኋላም አላቆመም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጄምስ ማርቲን የተባለ ዝነኛ አማካሪ ያለ ፕሮግራመር ሶፍትዌር ስለመሥራት መጽሐፍ ጻፈ፤ ርእሱ ራሱ «ያለ ፕሮግራመር» ይላል። በ1982 ጃፓን «አምስተኛው ትውልድ» የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮጀክት ጀመረች፤ የሚያስብ ማሽን ሊመጣ ነው ተባለ። አሥር ዓመት ቆይቶ ያ ትልቁ ተስፋ ሳይደርስ ተዘጋ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ።

በመሀል፣ በ1986፣ ፍሬድ ብሩክስ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ብሩክስ የአይቢኤምን ትልቁን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሥራ የመራ፣ ፕሮጀክት ሲዘገይ ሰው መጨመር ይበልጥ ያዘገየዋል የሚለውን ሕግ ያስተማረን ሰው ነው። በዚህ ጽሑፉ የሶፍትዌርን ችግር ሁለት ቦታ ከፈለው። አንዱ ከመሣሪያው የሚመጣ ችግር ነው፤ ቋንቋው ቢሻሻል፣ ማሽኑ ቢፈጥን ይቀልላል። ሁለተኛው ከነገሩ ከራሱ የሚመጣ ነው፤ እሱን መሣሪያ አያቀልለውም። በጊዜው መድኃኒት ይሆናሉ ከተባሉት ውስጥ ሰው ሠራሽ አስተውሎትንና ኮድ በራሱ የሚጻፍበትን ዘዴ ጠቅሶ፣ ሁለቱም ተአምር እንደማይሠሩ ተከራክሯል።

ይህን በእኛ ቤት ላስረዳ። የደመወዝ ሲስተም ሥሩ ተባልን እንበል። ኮዱን ኤአይ በደቂቃ ይጽፈዋል። ግን ጳጉሜን ምን እናድርጋት? አምስት ቀን ናት፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ትሆናለች። ደመወዝ አላት ወይስ የላትም? በቀን የሚከፈለውስ ሠራተኛ? ወይም የቀጠሮ አፕ እንሥራ። ደንበኛው «ነገ 3 ሰዓት» ብሎ ጻፈ። በእኛ ጠዋት ነው፣ በስልኩ ሰዓት ግን ሌላ ነው። ውጭ አገር ያለችው እህቱ ደግሞ በሷ ሰዓት ታነበዋለች። ይህ የኮድ ችግር አይደለም፤ የኑሮ ችግር ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሒሳብ ሹሟን ጠይቆ፣ ደንበኛውን ጠይቆ መወሰን አለበት።

ትንሿ ማሽን

አሁን ወደምወደው ታሪክ ልምጣ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ኤምአይቲ፣ ጄኔራል ኤሌክትሪክና ቤል ላብስ መልቲክስ የሚባል ኦፐሬቲንግ ሲስተም አብረው ጀመሩ። ሁሉን የሚችል እንዲሆን ነበር ምኞቱ። ሥራው እየከበደ፣ እየዘገየ ሄደና በ1969 ቤል ላብስ ወጣ። (ለመልቲክስ ፍርድ ላለማጓደል፦ በኋላ ሠርቷል፣ ብዙ ሐሳብም አውርሷል።)

ኬን ቶምፕሰን የሚባለው የቤል ላብስ ፕሮግራመር ከዚያ በኋላ ብዙም የማይፈለግ ፒዲፒ-7 የተባለ አነስተኛ ማሽን አገኘ። ራሱ እንደሚያወራው፣ ባለቤቱ ሕፃኑን ይዛ ቤተሰብ ልትጠይቅ በሄደችበት ሦስት ሳምንት ውስጥ የዩኒክስን መጀመሪያ ጻፈ። ከዴኒስ ሪቺ ጋር ሆነው አሳደጉት። በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ ላይ፣ የማሽኑ ትንሽነት ቁጥብ ብቻ ሳይሆን ያማረ ነገር እንዲሠሩም እንደገፋቸው ጠቅሰዋል።

የዩኒክስ ብልሃት እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ፕሮግራም ትንሽ ይሁን፣ አንድ ነገር በደንብ ይሥራ፣ የአንዱ ውጤት ለሌላው ግብአት ይሁን። ዳግ ማክኢልሮይ ለዓመታት ሲወተውት ቆይቶ በ1973 ፕሮግራምን ከፕሮግራም የሚያገናኘው «ፓይፕ» ገባ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው ነው። ዛሬ በኪሳችሁ ያለው አንድሮይድም ሆነ አይፎን የዚያች ትንሽ ማሽን የልጅ ልጅ ነው።

በ1980 ደግሞ እንግሊዛዊው ቶኒ ሆር የቱሪንግ ሽልማት ሲቀበል ባደረገው ንግግር ሶፍትዌር ለመሥራት ሁለት መንገድ አለ አለ። አንደኛው ስሕተት እንደሌለበት በግልጽ እስኪታይ ድረስ ቀላል ማድረግ ነው። ሁለተኛው ስሕተቱ በግልጽ እንዳይታይ አድርጎ ማወሳሰብ ነው። የመጀመሪያው በጣም ይከብዳል ብሎም ጨመረ።

እኛ ግን ሁለተኛውን መረጥን። በመጋቢት 2016 አንድ ሰው 11 መስመር ብቻ ያላትን ትንሽ ላይብረሪ ከኢንተርኔት ሲያነሣ፣ እሷ ላይ ሳያውቁት የተንጠለጠሉ ብዙ ትልልቅ ፕሮጀክቶች መሥራት አቆሙ። 11 መስመር! ማንም በአምስት ደቂቃ ሊጽፋት ይችል ነበር።

እና ዛሬ?

በ2021 ኮፓይለት፣ በኅዳር 2022 ቻትጂፒቲ መጡ። እኔም በየቀኑ እጠቀማለሁ፣ አልዋሽም። ግማሽ ቀን የሚፈጅብኝን አሰልቺ ሥራ ቡና ሳይቀርብ ይጨርስልኛል። የማላውቀውን አሮጌ ኮድ ያስረዳኛል። ይሄ ቀልድ አይደለም፤ ከፎርትራን ያላነሰ ለውጥ ነው።

ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ድሮ ሰው ኮድ የሚያሳጥረው ስለሚደክመው ነበር። ድካሙ ወንፊት ነበር። ቶምፕሰንን ማሽኑ ጠበበው፣ እኛን ጣታችንና ሰዓታችን ይገድበን ነበር። ኤአይ አይደክመውም። 100 መስመር የሚበቃውን 1000 አድርግልኝ ብትለው ፊቱን አያጠቁርም። አሁን በሥራ ቦታዬ የሥራ ባልደረባ ያልጻፈውን፣ ያላነበበውን ብዙ መቶ መስመር ይልክልኛል፤ «ይሄ ክፍል ለምን አስፈለገ?» ስለው «እሱ ነው የጻፈው» ይለኛል። እሱ ማነው? ሌሊት ሰርቨሩ ሲወድቅ የሚደወልለት እሱ ነው? የሚደወለው ለኔ ነው።

ስለዚህ ድሮ ማሽኑ ያስገድደን የነበረው ቀላልነት፣ ከእንግዲህ ራሳችን አውቀን የምንመርጠው ነገር ሆኗል። አዲሱ ነገር ለኔ ይሄ ነው።

የሚያሳስበኝ ሌላም አለ። እኛ ቡድን ውስጥ ሁለት የጀማሪ ቦታ ክፍት ነበር፤ «ኤአይ አለ አይደል?» ተብሎ ተሰረዘ። በወረቀት ላይ ቁጠባ ነው። ግን ጀማሪ ካልተቀጠረ ሲኒየር ከየት ይመጣል? ከአሥር ዓመት በኋላ እንደ ኮቦሎቹ ጡረተኛ ፍለጋ ልንሄድ ነው?

እንግዲህ ለጥያቄያችሁ መልሴ፦ 70 ዓመት ያልሆነ ነገር ዘንድሮም አይሆንም ብዬ አልምልም። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን አስታውሱ፤ ኮምፒውተር የሚባለው ሥራ እኮ ጠፍቷል። ግን ማሽኑ ሲመጣ የተፈለጉት ስሌቱን ከሥር የሚያውቁት ነበሩ። ቁልፍ መጫን ብቻ የሚያውቅ ሰው ቦታው እየጠበበ ነው፤ ይህን መደበቅ ክፋት ነው። ነገሩን የሚያውቅ፣ «ይሄ አያስፈልግም» ብሎ የሚያወጣ፣ ሒሳብ ሹሟን ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ግን ገና ይፈለጋል።

ስለዚህ ተማሩ። ኤአይንም ተጠቀሙ፣ ግን ከመጠምጠም መማር ይቅደም። የሰጣችሁን ኮድ መስመር በመስመር ለጓደኛችሁ ማስረዳት ካልቻላችሁ፣ ገና የእናንተ አይደለም። ማስረዳት ከቻላችሁ ደግሞ ግማሹን አጥፉና ይሠራ እንደሆነ ሞክሩት። ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ጀማሪ ሆናችሁ ሥራ እየፈለጋችሁ ያላችሁ፣ ቀጣሪዎችም የሆናችሁ፣ ያያችሁትን ኮመንት ላይ ጻፉልን። በተለይ ዘንድሮ ጀማሪ የቀጠረ ድርጅት ካለ ንገሩን፤ የሚፈልጉ ልጆች እዚሁ እያነበቡ ነው።