311 (የስልክ ቁጥር)

311 በአሜሪካና በካናዳ ብዙ ከተሞች ውስጥ ነዋሪዎች አስቸኳይ ያልሆኑ የአካባቢ ችግሮችን ለከተማው አስተዳደር የሚያመለክቱበት አጭር የስልክ ቁጥር ነው። ጉድጓድ የበዛበት አስፋልት፣ የማይበራ የመንገድ መብራት፣ ሳይነሳ የቀረ ቆሻሻ፣ የወደቀ ዛፍና የሌሊት ጩኸት በዚህ ቁጥር ከሚመዘገቡት አቤቱታዎች መካከል ናቸው። በሕይወት ወይም በንብረት ላይ አደጋ ሲደርስ ግን የሚደወለው 911 ነው።

ታሪክ

ቁጥሩ ሥራ ላይ የዋለው በመጀመሪያ በባልቲሞር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሆን ዓላማው የ911ን መስመር ከአነስተኛ ጉዳዮች መጨናነቅ ማዳን ነበር። በ1997 የአገሪቱ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ቁጥሩ በመላ አገሪቱ ለዚህ ተግባር እንዲያገለግል ወሰነ። ቺካጎ በ1999፣ ኒው ዮርክ ደግሞ በከንቲባ ማይክል ብሉምበርግ ዘመን በ2003 ሁሉንም የከተማ አገልግሎቶች የሚያስተናግድ 311 ከፈቱ። በካናዳ ካልጋሪ በ2005፣ ቶሮንቶ በ2009 ተከተሉ።

አሠራር

ጥሪ ተቀባዩ የችግሩን ዓይነትና ቦታ መዝግቦ ለደዋዩ የመከታተያ ቁጥር ይሰጣል። ጥያቄው ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይተላለፋል፤ ነዋሪውም በቁጥሩ አማካይነት ምን ደረጃ ላይ እንደደረሰ ይጠይቃል። ትክክለኛ አድራሻ ወይም የሁለት መንገዶች መገናኛ፣ የመብራት ምሰሶ ከሆነም በላዩ የተጻፈው ቁጥር ጥገናውን ያፋጥናል። በብዙ ከተሞች በድረ ገጽና ፎቶ በሚቀበል የስልክ መተግበሪያም ማመልከት ይቻላል። ኦፕን311 የተባለው መስፈርት የተለያዩ መተግበሪያዎች ጥቆማዎችን በአንድ ዓይነት ቅርጽ ለከተሞች እንዲልኩ ያስችላል።

የአብሽ ሽታ

ከ2005 ጀምሮ የማንሃተን ነዋሪዎች ምንጩ ያልታወቀ ጣፋጭ ሽታ እየሸተታቸው ወደ 311 ይደውሉ ነበር። አንዳንዶች የኬሚካል ጥቃት እንዳይሆን ሰግተው ነበር። ከተማው የጥሪዎቹን ቦታና ሰዓት ከነፋሱ አቅጣጫ ጋር በማነጻጸር ምንጩን ፈለገ፤ በ2009ም ሽታው ከወንዙ ማዶ በኒው ጀርሲ አብሽ ከሚጠቀም የሽቶና የጣዕም ቅመሞች ፋብሪካ እንደሚመጣ አስታወቀ።

ቋንቋ

ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ነዋሪዎች አስተርጓሚ ያቀርባሉ። በከተማው በስፋት ከሚያገለግሉት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ደዋዩ «አምሃሪክ» ብሎ ቋንቋውን ከገለጸ አስተርጓሚ በስልኩ ይገባል።

ትችት

የጥሪ ብዛት የችግር ብዛት ማለት አይደለም። ቁጥሩን የማያውቁ፣ ቋንቋ የሚያግዳቸው ወይም መንግሥትን የሚፈሩ ነዋሪዎች ስለማይደውሉ ሰፈራቸው በመረጃው ላይ ችግር የሌለበት ሊመስል ይችላል። ከተማው ጥገናን በጥሪ ብዛት ብቻ ከደለደለ ብዙ የሚደውል ሰፈር ብዙ ያገኛል። ጥገናው ሳይጠናቀቅ ጥያቄው «ተዘግቷል» ተብሎ መመዝገቡም የተለመደ ቅሬታ ነው።

በኢትዮጵያ

በአዲስ አበባ አቤቱታ በአብዛኛው በቀጥታ ለየተቋሙ ይቀርባል፦ የኤሌክትሪክ ብልሽት በ905፣ የውኃና ፍሳሽ ችግር በ906። ሌሎች የሰፈር ጉዳዮችን ነዋሪዎች ለወረዳ ጽሕፈት ቤት ያመለክታሉ።