በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፤ በክላውድ ያለስ?

ሜይ 16 ቀን 1931 አልበርት አይንስታይን ኦክስፎርድ ውስጥ በሮድስ ሃውስ አዳራሽ ቆሞ ስለ ጽንፈ ዓለም ንግግር አደረገ። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንደ ማንኛውም መምህር ስሌቱን በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፈ። ንግግሩ ሲያበቃ ሰሌዳውን የሚጠብቀው እንደ ሌላው ሰሌዳ ሁሉ ዳስተር ነበር። ነገር ግን እንዳይጠረግ የፈለጉ ሰዎች ነበሩና ወደ ሙዚየም ተወሰደ። ዛሬም በኦክስፎርድ የሳይንስ ታሪክ ሙዚየም ጽሑፉ ይነበባል። አብሮት የተረፈው ሌላ ሰሌዳ ግን እዚያው ሙዚየም ውስጥ እያለ በስህተት ተጠርጎ ጠፋ።

ሁለቱም ሰሌዳዎች የተጻፉት በተራ ጠመኔ ነው። አንዱን ያቆየው አደራ ያለበት ሰው ነው፤ ሌላውን ያጠፋው ደግሞ ምን እንደያዘ ያላወቀ ሰው ነው።

ከ93 ዓመት በኋላ፣ በ2024፣ በብዙ አገር ያሉ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ያው ጥያቄ ተደቀነባቸው። በዚህ ጊዜ ሰሌዳው ዲጂታል ነው። ዳስተሩን የያዘው የጽዳት ሠራተኛ ሳይሆን የካሌንደር ቀን ነው።

የማይጠረገው ሰሌዳ

የዲጂታል ሰሌዳ ሐሳብ የትናንት አይደለም። የካናዳው ስማርት ኩባንያ የመጀመሪያውን ስማርት ቦርድ ያወጣው በ1991 ነው። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካው ዜሮክስ ፓርክ ተመራማሪዎች ላይቭቦርድ የተባለ ትልቅ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ይዘው ብቅ አሉ። የሁሉም ቃል ኪዳን ተመሳሳይ ነበር፦ የተጻፈው አይጠረግም፣ ይቀመጣል፣ ነገ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ጉግልም በኦክቶበር 2016 ጃምቦርድን አስተዋወቀ። 55 ኢንች ስፋት ያለው ስክሪን ነበር፤ ዋጋው 4,999 ዶላር። በዚህ ዋጋ ስክሪኑን የሚገዛ ትምህርት ቤት ብዙ አልነበረም። አብሮት የመጣው መተግበሪያ ግን የጉግል አካውንት ላለው ሁሉ በነፃ ተከፈተ። በላዩ የሚሠራው ሰሌዳ «ጃም» ይባል ነበር፤ እስከ 20 ገጽ ይይዝ ነበር፤ የሚቀመጠውም በጉግል ድራይቭ ነበር።

ከዚያ 2020 መጣ። እንደ ዩኔስኮ መረጃ ኮቪድ በተስፋፋበት ወቅት ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ርቀው ነበር። መምህራን በእጃቸው ያገኙትን ሁሉ ተጠቀሙ፤ ለብዙዎቹም ጃምቦርድ የክፍሉ ሰሌዳ ሆነ። መምህሩ ከቤቱ ሆኖ ጥያቄ ይጽፋል፣ ልጆቹ ከየቤታቸው ባለ ቀለም ማስታወሻ ይለጥፋሉ። አንዱ መልስ ይጽፋል፣ ሌላው ይሥላል፣ ሌላው «ትምህርት ቤት ናፈቀኝ» ይላል። ያን ጊዜ ማንም እንደ ታሪክ ሰነድ አላሰበውም። ወደፊት ያንን ዘመን የሚያጠና ሰው ግን ልጆች በዚያ ወራት ምን እንደተማሩና ምን እንደተሰማቸው ከሚያሳዩ ጥቂት ምስክሮች አንዱ እነዚህ ሰሌዳዎች መሆናቸው አይቀርም።

ማስታወቂያው

ሴፕቴምበር 28 ቀን 2023፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 17 ቀን 2016 ዓ.ም. የመስቀል ዕለት፣ ጉግል ጃምቦርድን እንደሚዘጋ አስታወቀ። መርሐ ግብሩ ግልጽ ነበር። ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 በኋላ ትልቁ ስክሪን እድሳት አያገኝም። ከኦክቶበር 1 ጀምሮ መተግበሪያው ለማየት ብቻ ይሆናል፤ መጻፍም ማረምም የለም። ዲሴምበር 31 ቀን 2024፣ ማለትም ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በሩ ይዘጋል። በመጀመሪያው ማስታወቂያ መሠረት እስከዚያ ያልተነሣ ፋይል እስከ ወዲያኛው ይሰረዛል። በኋላ ግን ኩባንያው ሐሳቡን ቀይሮ የቀሩትን ጃሞች ወደ ፒዲኤፍ ለውጦ በየባለቤቶቻቸው ድራይቭ ለማስቀመጥ ወሰነ። መሥራታቸውን መቀጠል ለሚፈልጉት ደግሞ ፊግጃም፣ ሉሲድስፓርክና ሚሮ የተባሉ የሌሎች ኩባንያዎች ሰሌዳዎች በአማራጭነት ቀረቡ።

ለፍርድ ያህል፣ ጉግል ሰውን በድንገት ሜዳ ላይ አልጣለም። የ15 ወር ጊዜ ሰጥቷል፣ መውጫም አሳይቷል። እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጡ የሚዘጉ አገልግሎቶች ሞልተዋል። ቢሆንም ዕቃውን ማውጣት የተከራዩ ሥራ ነበር። አከራዩ «ልቀቁ» ካለ የሚጨነቀው፣ ካርቶን የሚፈልገው፣ ምኑን ልያዝ ምኑን ልተው ብሎ ሌሊቱን የሚያድረው ተከራይ ነው።

የሚወጣው ዕቃም ሲገባ እንደነበረው አልነበረም። ወደ ፒዲኤፍ የተለወጠ ሰሌዳ የሰሌዳው ፎቶግራፍ ነው። ማስታወሻዎቹ ይታያሉ እንጂ አይነሡም፤ ጽሑፉ ይነበባል እንጂ አይታረምም። ለሥነ ሥርዓት ያህል የተቀመጠ ቃለ ጉባኤ ከሆነ ይህ ይበቃል። በየዓመቱ እያሻሻለ ለሚያስተምርበት መምህር ግን በእጁ የቀረው ሥራው ሳይሆን የሥራው ምስል ነው። ወደ ሌላ ኩባንያ ሰሌዳ ያዛወረም ቢሆን አዲስ አካውንት፣ አዲስ ውል፣ በነፃ የሚሰጠው የሰሌዳ ብዛትም የተወሰነ ሆኖ አግኝቶታል። ከኪራይ ቤት ወደ ኪራይ ቤት ነው።

ባለቤት የሌለው ፋይል

በእንዲህ ያለ ዝውውር ብዙ የሚጠፋው በቴክኒክ ችግር ሳይሆን ጠያቂ በማጣት ነው። ማስታወቂያው የሚደርሰው ለድርጅቱ የአይቲ ኃላፊና ለአካውንቱ ባለቤት ነው። በ2020 ሰሌዳውን የከፈተው መምህር ግን በ2024 ሌላ ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል። ተማሪው ተመርቋል። ፕሮጀክቱን ይመራ የነበረው ሠራተኛ ሥራ ለቋል። ኢሜይሉ ይደርሳል፣ የሚያነበው የለም። ፋይሉ ውስጥ ያለውን የሚያውቀው ሰው ፋይሉን አያገኘውም፤ የሚያገኘው የአይቲ ኃላፊ ደግሞ ምን እንደያዘ አያውቅም።

ጉዳዩ የጉግል ብቻ አይደለም። የማይክሮሶፍት ዋይትቦርድ ቀድሞ ፋይሎቹን ያስቀምጥ የነበረው አዡር በተባለው የክላውድ ማከማቻ ነበር፤ ኋላ ሰሌዳዎች በየሠራተኛው ዋንድራይቭ እንዲቀመጡ ተደረገ። ይህ ለአስተዳደር የተሻለ ነው፤ ፋይሉ የት እንዳለ ይታወቃል። ነገር ግን አብሮት የመጣ ነገር አለ። አንድ ሠራተኛ ለቆ አካውንቱ ሲሰረዝ፣ አስተዳዳሪው ጊዜውን ካላራዘመ በቀር፣ ዋንድራይቩ የሚቆየው 30 ቀን ነው። የአሥር ሰው ቡድን ለሁለት ዓመት የሠራበት ሰሌዳ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ይመስላል፤ ዕድሜው ግን በአንድ ሰው የቅጥር ደብዳቤ ላይ ተንጠልጥሏል።

ከዚህ በፊት የሆነው

ታሪክ ይህን ቀድሞ አይቶታል። በ1086 የእንግሊዝ ንጉሥ ቀዳማዊ ዊልያም የግዛቱን መሬትና ንብረት አስመዘገበ፤ መዝገቡ ዱምስዴይ ቡክ ይባላል። በ1986፣ 900ኛ ዓመቱ ሲከበር፣ ቢቢሲ የዘመኑን ዱምስዴይ አዘጋጀ። በተለይ ከየትምህርት ቤቱ የተውጣጡ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ስለ አካባቢያቸው ጻፉ፣ ፎቶ አነሡ። ሁሉም በዘመኑ ምርጥ በተባለው ቴክኖሎጂ፣ በሌዘር ዲስክ ላይ ተቀመጠ።

አሥራ ስድስት ዓመት አልሞላም፣ ዲስኩን የሚያጫውት ማሽን እንደ ብርቅ የሚፈለግ ሆነ። በ2002 የእንግሊዙ ሊድስና የአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የድሮውን ኮምፒውተር የሚመስል ሶፍትዌር ሠርተው ይዘቱን አተረፉት። በ2011 ቢቢሲ ከፊሉን ድረ ገጽ ላይ አወጣው። ድረ ገጹም በተራው ተዘጋ፤ ዛሬ ቅጂው ያለው በብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የድረ ገጽ ማኅደር ውስጥ ነው። የዳነው ነገር ደግሞ ሌላ ማዳን አስፈለገው ማለት ነው። በብራና የተጻፈው የ1086ቱ መዝገብ ግን በዚያው ቤተ መዛግብት ዛሬም ገልጦ ለሚያነበው ዝግጁ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የባሰ ነው። ማርች 2019 ማይስፔስ ከ2003 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት ሰዎች የጫኑት ሙዚቃ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ሲዛወር መጥፋቱን አመነ። ከ50 ሚሊዮን በላይ ዘፈኖች፣ የ14 ሚሊዮን ያህል ሙዚቀኞች ሥራ እንደሆነ ተገምቷል። በኋላ ተመራማሪዎች ቀደም ብለው ለጥናት ገልብጠው ያስቀመጡት 490,000 ያህል ዘፈን ተገኝቶ በኢንተርኔት አርካይቭ ወጣ። ከ100 አንድ እንኳ አይሞላም። እነዚያ ዘፈኖች የተረፉት ኩባንያው ስለጠበቃቸው አልነበረም፤ ሌላ ሰው፣ ለሌላ ዓላማ፣ ሌላ ቦታ ቅጂ ስለነበረው ነው።

የራሳችን ፍላሽ

ይህን ለመረዳት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሩቅ አገር መሄድ አያሻውም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው ሴፕቴምበር 1999 በወጣው ሦስተኛ እትም ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ መለያ ነበረው፤ ከዚያ በኋላም መሥሪያ ቤቶቻችን ለዓመታት በፓወር ግዕዝና በቪዡዋል ግዕዝ መጻፍ ቀጥለዋል። የመመረቂያ ጥናቱ፣ ቃለ ጉባኤው፣ የጋዜጣው ገጽ ሁሉ በዚያ ተጻፈ። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ግን የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ዝርክርክ ብቻ ይታያል። ፋይሉ አልጠፋም፣ አልተሰረዘም፣ ቫይረስ አልበላውም። ቋንቋው ግን ከውስጡ ወጥቷል።

ብዙዎች ያኔ ያተረፋቸው አትመው በቦክስ ፋይል ያስቀመጡት ወረቀት ነው። ጊዜ ወስደው ወደ ዩኒኮድ የለወጡት ደግሞ ዛሬም ጽሑፋቸውን መፈለግ፣ ማረምና ማባዛት ይችላሉ። ፓወር ግዕዝን የዘጋ ኩባንያ፣ የተቆረጠ ቀን፣ የተላከ ኢሜይል አልነበረም። ቀነ ገደቡ ሳይነገር አለፈ። የጃምቦርድ ተጠቃሚ ቢያንስ ቀኑን ያውቅ ነበር።

«ሰሌዳ እኮ ሊጠረግ የተፈጠረ ነው»

ይህ ተገቢ ተቃውሞ ነው። ከተጻፈው ሁሉ አብዛኛው ሊቀመጥ አይገባውም። በስብሰባ መሐል የተሣለ ቀስት፣ በክፍል ውስጥ የተሠራ የማባዛት ልምምድ፣ ባዶ ሙከራ፦ ይህን ሁሉ ማዛወር ቆሻሻን ከቤት ወደ ቤት መጫን ነው። ማከማቻም ገንዘብ ይጠይቃል። የልጆች ስምና ሐሳብ ያለበት ሰሌዳ ደግሞ አንዳንዴ መሰረዙ ከመቆየቱ ይሻላል።

ነገር ግን ማጥፋትም ውሳኔ ነው። የቤተ መዛግብት ባለሙያ ሰነድ ሲያስወግድ አይቶ፣ መዝግቦ፣ ፈርሞ ነው። ቀነ ገደብ ሲያስወግድ ግን ማንም አላየም፣ ማንም አልፈረመም። ልዩነቱ ከዓመታት በኋላ አንድ ሰው «ያ ነገር የት ገባ?» ብሎ ሲጠይቅ ይወጣል። በመጀመሪያው መንገድ መልስ አለ፤ በሁለተኛው ሁሉም ትከሻውን ይነቀንቃል።

ዝውውሩን በሰላም ያለፉት ድርጅቶች የሚያደርጉት ነገር ተራ ነው። የትኛው ሰሌዳ የማን እንደሆነ በዝርዝር ያወጣሉ። የለቀቀ ሠራተኛ ፋይል አካውንቱ ሳይዘጋ ወደ ድርጅቱ የጋራ ማከማቻ ያዛውራሉ። ሥራው የሚቀጥልበትን ወደ አዲሱ ሰሌዳ፣ ለማስረጃ የሚፈለገውን ወደ ፒዲኤፍ ይለያሉ። ቅጂውን ከፍተው ያያሉ፤ ያልተከፈተ ቅጂ ቅጂ መሆኑ አይታወቅምና። ይህንንም የሚያደርጉት በሩ በሚዘጋበት ዋዜማ ሳይሆን መጻፍና ማረም በሚቻልበት ጊዜ ነው። ጃምቦርድን በተመለከተ ትክክለኛው የመጨረሻ ቀን ዲሴምበር 31 አልነበረም፤ ሴፕቴምበር 30 ነበር። ብዙ ሰው ልብ ያላለው ይህንን ነው።

አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ተረቱ የተነገረው ጽሑፉ በጸሐፊው ቤት፣ በብራና ወይም በወረቀት ላይ በነበረበት ዘመን ነው። ውርስ ደግሞ ወራሽ ይፈልጋል። ዛሬ የየመሥሪያ ቤቱ ዕቅድ፣ የየትምህርት ቤቱ ትምህርት፣ የየማኅበሩ ውይይት በሌላ ሰው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ በብዙ ቦታም ወራሹ በስም አልተጻፈም። ባለ መደርደሪያው አንድ ቀን «አንሡልኝ» ማለቱ የማይቀር ነው። ያ ኢሜይል ሲመጣ የሚከፍተው ሰው ማን እንደሆነ ዛሬ መናገር የሚችል መሥሪያ ቤት ስንት ይሆን?