አስቤስቶሲስ

አስቤስቶሲስ፦ እሳት የማይበላውን የአስቤስቶስ ማዕድን በሚቆፍሩ፣ ክሩን በሚፈትሉና በመርከብ ወይም በእንፋሎት ቧንቧ ላይ በሚለብጡ ሠራተኞች ላይ የሚደርስ፣ ሳንባን እያደነደነ እስትንፋስን የሚያሳጥር ጽኑዕ ደዌ ነው።

ከዐይን የሚሰወረው ረቂቅ ክር ከአየር ጋር ተስቦ ወደ ሳንባ ከገባ በኋላ፣ የሰውነት ጠባቂ የሆኑት ሕዋሳት ሊያጠፉት ስለማይቻላቸው፣ በዙሪያው ጠባሳ እየበዛ ይሄዳል፤ ምልክቶቹም፣ ደረቅ ሳልና ዳገት ሲወጡ የሚብሰው የትንፋሽ ማጠር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 40 ዓመት ዘግይተው ይገለጣሉ። ጠባሳውን የሚሽር ፈውስ የለም፤ ሠራተኛው ትንባሆ የሚያጤስ እንደ ሆነም በሳንባ ካንሰር የመያዙ አደጋ እጅግ ይበረታል።

በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ በአስቤስቶስ ፋብሪካ ስትሠራ ኖራ በ1924 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ያረፈችውን የአንዲት ሴት ሳንባ የመረመረው ዶክተር ዊልያም ኩክ፣ በ1927 ለደዌው ዛሬ የሚጠራበትን ስም ሰጠው፤ የፋብሪካ ተቆጣጣሪዎቹ ሜሬዌዘርና ፕራይስ በ1930 ካቀረቡት ዘገባ የተነሣም አቧራውን የሚገታ ደንብ በ1931 ወጣ። በ1960 ደግሞ ተመራማሪው ዋግነርና ባልደረቦቹ፣ ሰማያዊ አስቤስቶስ በሚቆፈርበት በደቡብ አፍሪካ የኬፕ ምድር፣ ሜሶቴልዮማ የተባለው የሳንባ ሽፋን ካንሰር ከዚሁ ክር ጋር መዛመዱን አስረዱ፤ ከሕሙማኑም መካከል ማዕድኑን ከቶ ሳይቆፍሩ በአካባቢው የኖሩ ነበሩበት።

ብሪታንያ በ1999፣ ደቡብ አፍሪካም በ2008 አስቤስቶስን ፈጽመው ከለከሉ፤ ነገር ግን ክሩ በአሮጌ ሕንፃዎች ጣሪያና ግድግዳ ውስጥ ስለ ቀረ፣ እነዚህን የሚያፈርሱና የሚጠግኑ ሠራተኞች እስከ ዛሬ ከአደጋው ነጻ አልወጡም።